ሥራ የፈታው ማንኪያ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ዓሣ አጥማጅ ያዋሩታል።

«ቤት መዋሉ አልሆነልኝም። ዓባይ ወርጄ በወንድሜ ልጅ ታንኳ ዓሣ ልሞክር ነበር፤ የማጥመጃው ዋጋ ግን አይቀመስም።»

«ምን ሱቅ ያስኬድዎታል አባባ? አሮጌ ማንኪያ ይበቃል። እጀታውን ቆርጠው መንጠቆ ያንጠልጥሉበት። ከታንኳው ቁልቁል በክር ይልቀቁትና ሳብ ለቀቅ ያድርጉት። ሲያብረቀርቅ ዓሣው ምግብ ይመስለዋል።»

«ማንኪያስ አለኝ።»

«ሥራ የፈታ ከሆነ ጥሩ።»

«ፈቷል። ለባለቤቴ አጥሚት የማጎርስበት ነበር።»

«እሰይ! ተሻላቸው?»

«አርባዋን ትናንት አወጣን።»

«ውይ አባባ! ነፍስ ይማር።»

«ይማር። ልጄ፣ እጀታውን መቁረጥ ግድ ነው?»

ለእናቴ ይዤው የምሄደውን የአጥሚት ዱቄት ከእግሬ ሥር አንስቼ ታቀፍኩት።