ከበረዶ ሳጥን የወጣው ጉበት

ለንቅለ ተከላ የሚሆን ጉበት ሲያመላልሱ የኖሩት ጡረተኛ፣ ጉበታቸው ታሞ ለተኙት ባለቤታቸው ብርድ ልብስ ይዘው ሆስፒታሉ ሲገቡ፣ አሳንሰሩ በር ላይ ከአንዲት ወጣት ሐኪም ጋር ተገጣጠሙ። የድሮ አለቃቸው የነበረው የሟቹ ቀዶ ሐኪም ልጅ ናት።

«ጋሼ! ስፈልግዎት ነበር። ለእትዬ ጉበት ተገኝቷል። እሳቸው ግን ‹ይህን የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱ ይወስን› አሉ። እርስዎ እንቢ ካሉ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል።»

አዛውንቱ ቶሎ ብለው ጠየቁ፦ «በረዶ ውስጥ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ከበረዶው ወጥቶ ማሽን ላይ ነው።»

ፊታቸው ወዲያው ተቀየረ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የበረዶ ሳጥን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተጉዘዋል። አባቷ በር ላይ ጠብቆ «መጣህልኝ?» ይላቸው ነበር፤ ያቺ ቃል ዛሬም ትናፍቃቸዋለች። ሰው የለመደውን ሲነኩበት የተሰደበ ይመስለዋል፤ እሳቸውም እንደዚያው።

«ልጄ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይተኛ እንጂ በቱቦ ምን ያንገላታዋል? አባትሽ ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

«አባዬማ ከእኔ ቀድሞ ይሮጥ ነበር! በረዶ ጉበቱን ያስተኛዋል እንጂ አይመግበውም። ለሰዓታት ኦክስጅን አጥቶ ቆይቶ፣ ታማሚው ሆድ ውስጥ ደም ድንገት ሲለቀቅበት ይጎዳል። ማሽኑ ግን ሞቅ ያለ ደም በቀስታ እያዘዋወረ ያለማምደዋል።»

 አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ለመንገዱ ብዬ በረዶ እጨምር ነበር» አሉ። «አንዴ በዚያ ምክንያት ጉበቱ ዳር ዳሩ በረዶ ሆኖ ተጣለ። አባትሽ አንድ ቃል አልተናገረኝም።»

«ያኔ የነበረው በረዶ ብቻ ነበር ጋሼ። ስንቱን አድናችሁበታል! አሁን ይምጡና ይዩ።»

በማሽኑ የመስታወት ክዳን ስር ጉበቱ ቀልቶ ተኝቷል። በቀጭን ቱቦ ወርቅማ ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሐሞት ነው?»

«ሐሞት ነው፤ ጉበቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጉበቱ ቅባት ስላለበት በበረዶ ብቻ የመጣ ቢሆን አንቀበለውም ነበር።»

ስንቱን ጉበት ተሸክመው፣ ሥራ ላይ ያለ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እንባቸው መጣ። ጉዳቱ እንደሚቀንስ፣ ጉበቱ ሰው ሆድ ሳይገባ እንደሚፈተሽ፣ ይጣል የነበረውም ሰው ሊያተርፍ እንደሚችል ገባቸው። የስምምነት ቅጹን ሊፈርሙ እስክሪብቶ ጠየቁ።

ባለቤታቸው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቋቸው።

«ፈረምክ?»

«ፈረምኩ።»

«አንተ? ማሽን አምነህ?»

አዛውንቱ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ እያለበሱላቸው፣ «ተነሽ በይ» አሉ። «ጉበቱ ሥራውን ጀምሯል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ።»