በውጭ ፈታኙ ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩበት ጠዋት

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከመታወቂያቸው ተገልብጦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በሰፈራቸው «አባ ሽሙጥ» በመባል ይታወቃሉ
ዕድሜ፦ 78
ሥራ፦ ጡረተኛ (የቀድሞ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ)
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የእናቷ አባት
ቃሉ የተሰጠው፦ ድርጊቱ በተፈጸመበት ዕለት ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጣቢያው ምርመራ ክፍል

አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ፣ ዛሬ ጠዋት በዩኒቨርሲቲው የስብሰባ ክፍል ያየሁትንና ያደረግሁትን እንድናገር በመርማሪው ተጠይቄ በፈቃዴ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የማስመዘግበው፣ መጠርጠር ያለብኝ እኔ እንጂ የልጅ ልጄ አለመሆኗን ነው። መርማሪው «አባባ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት፤ እርስዎ የሆነውን ብቻ ይንገሩን» ስላሉኝ የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።

የልጅ ልጄ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ተቀምጣ የትምህርት ማስረጃ ለተማሪዎች የምትሰጥ ሠራተኛ ናት። ቀን እየሠራች፣ ከሥራ በኋላ እዚያው ግቢ በከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርቷን ስትከታተል ቆይታለች። ትምህርቱን የጀመረች ሰሞን «ዩኒቨርሲቲ ለማስተዳደርም ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ? እኔ ስንቱን አውቶቡስ ስቆጣጠር ማን ማስተርስ ጠየቀኝ?» ብዬ ቀልጄባት ነበር። እሷም «ለዚህ እኮ ነው አባባ አውቶቡሱ አንድ ቀንም በሰዓቱ ደርሶ የማያውቀው» ብላ መልሳልኛለች። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ ምን እንደሚጠቅም ጠይቀውኛል። የሚጠቅመው፣ ያን ጊዜ ትስቅ እንደነበር እንዲጻፍልኝ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፏ፣ ተማሪ ያስገባው አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል የት ገብቶ እንደሚቀር የሚመረምር ነው። ጽሑፉን ጨርሳ ካስገባች ቆይታለች። የቀራት በፈታኞች ፊት ቆማ ጥያቄ መመለስ፣ እነሱ ዲፌንስ የሚሉት ነው። ለዚህ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አንድ የውጭ ፈታኝ የግድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ፈታኙ ታመሙ ተባለ። በሁለተኛው፣ የጥሪው ደብዳቤ በስህተት ለሌላ ትምህርት ክፍል ተልኮ ፈታኙ ጨርሶ ሳይሰሙ ቀሩ። አቤት ልትል ብትሄድ፣ አቤቱታውን የሚቀበሉት ደብዳቤውን በስህተት የላኩት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው ሆነው አገኘቻቸው። ትምህርቱን እንድትጨርስ የተሰጣት ጊዜ የሚያበቃው ዛሬ፣ ሦስተኛው ቀጠሮ በተያዘበት ቀን ነው። ዛሬ ካልተፈተነች ትሰረዛለች፤ የለፋችበት ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። የተማሪዎች ጉዳይ አስተባባሪ ሆና እንድታድግ የታሰበላት ቦታም ለሌላ ሰው ይሄዳል።

ዲፌንሱ በተራዘመ ቁጥር በቤታችን ልምምድ እናደርግ ነበር። ልጄ፣ ማለትም የእሷ እናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ በልምምዱ ሰብሳቢ ሆና በመቀሷ ጠረጴዛውን እየመታች ሥርዓት ታስከብራለች። እኔ የውጭ ፈታኝ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ የተሸኘሁበትን ሱፍ ለብሼ፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጬ፣ ቲኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ሳገኝ እንደማደርገው ፊቴን አኮሳትራለሁ። ጥያቄዎቹን ራሷ ጽፋ ስለሰጠችኝ በቃሌ ይዣቸዋለሁ። «ጥናትሽ የተጠቀመበት ናሙና ለምንድን ነው እንዲህ ያነሰው?» ስላት «ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ ዶክተር» ትለኛለች። እናቷ ደግሞ «አባዬ፣ ዶክተር በተባልክ ቁጥር ጢምህን አትደባብስ፤ ያስቃታል» ትለኝ ነበር።

ከሰኞ ወዲህ ግን የሚያስቃት ነገር ጠፋ። የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ ትነሳለች።  ትናንት እናቷ ሥራ ላይ ሳለች ከስፌት መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ «አባባ፣ ነገም ፈተናው ከቀረ እዚያ መስኮት ላይ ተመልሼ መቀመጥ አልችልም። የሚመጣው ሁሉ የጨረሰበትን ወረቀት ሊወስድ ነው የሚመጣው። እኔ ስሰጥ፣ ስሰጥ፣ ስሰጥ…» ብላ አቆመች። የምላት ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁበት ጊዜ እምብዛም ስለሌለ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። እናቷ የምታስረክበው የሰው ልብስ ስለነበራት ቀረች። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ረጅም ጠረጴዛና ለተመልካች የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት። የልጅ ልጄ የማሳያው፣ የፕሮጀክተሩ፣ ገመድ አልሠራ ስላላት ሌላ ልትፈልግ ወጣች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስለማይወድ መደገፊያ ያለው ወንበር ስፈልግ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እሱም በጠረጴዛው ራስ ላይ ያለው ነው። ተቀመጥኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም ተንኮል አላሰብኩም።

ኃላፊው እየተጣደፉ ገብተው ሱፍ ለብሼ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ዶክተር! ተመስገን! ዛሬም ቀሩብን ብዬ ልቤ ወልቆ ነበር። መንገድ እንዴት ነበር?» አሉኝ። እኔም «መንገዱስ ደህና ነው፤ የደከምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ስሜን አልጠየቁኝም፤ የውጭ ፈታኙንም በአካል አይተዋቸው እንደማያውቁ በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ተሳስተዋል ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ይህን ካልኩ ሁሉም ወረቀቱን ሰብስቦ እንደሚሄድ፣ ዛሬም እንደሚያልፍ፣ ልጅቷም ከስፌት መኪናው አጠገብ ተመልሳ መሬት ላይ እንደምትቀመጥ ታየኝ። አፌን ዘጋሁ። መርማሪው ጢሜን ደባብሼ እንደሆነ ጠይቀውኝ ስቀዋል፤ ደባብሻለሁ።

ወዲያው የጽሑፏ አማካሪና የውስጥ ፈታኟ ገቡ፤ እነሱም የውጭ ፈታኙን በአካል አያውቋቸውም። የልጅ ልጄም ገመዱን ይዛ ገባች። አጎንብሳ በቀጥታ ወደ ማሳያው ስለሄደች እኔን አላየችኝም። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ጽሑፏን ማቅረብ ጀመረች። መርማሪው «አንድ ጊዜም ቀና አላለችም?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ስትፈራ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት ብያለሁ። «ጥያቄ ሲጠይቋትስ ድምፅዎን አላወቀችውም?» ቢሉኝ ጉንፋን ይዞኛል ብያለሁ።

አቅርባ ስትጨርስ የውስጥ ፈታኟ ጠየቀቻት፤ መለሰች። ተራው ወደ እኔ ሲመጣ በቃሌ የያዝኳቸውን ጥያቄዎች ጠየቅኋት፤ በቤት ከምትመልሰው በተሻለ መለሰች። አማካሪዋ በመደሰት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ኃላፊው የውጤት መሙያውን ቅጽ ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶ ሰጡኝና «ዶክተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ ካለዎት» አሉኝ። የመጨረሻው ጥያቄ እሷ ራሷ የጻፈችልኝ ነው። «አንቺ ኃላፊ ብትሆኚ፣ ጥፋት የሌለባት አንዲት ተማሪ በደንቡ ምክንያት ልትሰረዝ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

በቤት የምትመልሰው ስለ ይግባኝ አሠራር ነበር። ዛሬ ግን ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «በጓሮ በር አላስገባትም» አለች። «ለምን?» አልኳት። ይህች ጥያቄ ከተጻፈልኝ ውስጥ የለችም። «በጓሮ ከገባች፣ ነገ እሷ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሌላውን ሰው በፊት በር ግባ ልትለው አትችልም» አለች።  እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳርፌ ነበር። እጇን ዘርግታ ቅጹን ከፊቴ ወሰደችና «እኚህ ሰው ፈታኝ አይደሉም። አያቴ ናቸው» አለች።

 አማካሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚህ በኋላ ነው የኃላፊው ስልክ የጠራው። ይህ በሚገባ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፦ መጀመሪያ እሷ ተናገረች፤ ስልኩ የጠራው ከተናገረች በኋላ ነው። ኃላፊውና አማካሪዋ ስልኩ መጀመሪያ ጠርቶ ነገሩ ሊጋለጥ መሆኑን ስታውቅ ነው የተናገረችው ብለው ቃል እንደሰጡ ከመርማሪው ተረድቻለሁ። እንደዚያ አይደለም።

የደወሉት እውነተኛው የውጭ ፈታኝ ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ በሌላኛው ግቢ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ አሁን መንገዱን ስላወቁ እየመጡ መሆኑን ነው የተናገሩት። ማለትም ዛሬ ሰውየው ቀርተው አልነበረም። ወንበሩን ባልይዘው ኖሮ፣ ኃላፊው አንዴ ደውለው የት እንዳሉ ይጠይቋቸው ነበር፤ ይደርሱ ነበር፤ ልጅቷም በፊት በር ትገባ ነበር። ይህን የልጅ ልጄም እዚያው ቆማ ሰምታለች። አላለቀሰችም። የማሳያውን ገመድ ነቅላ መጠቅለል ጀመረች። ኃላፊው አስመሳይ ፈታኝ አዘጋጅታለች ብለው ጥበቃ ጠሩ፤ ፖሊስ መጣ፤ ሁለታችንም ወደዚህ ጣቢያ ተወሰድን።

እስከዚህ ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ውኃ ልጠጣ ወደ ኮሪደር እንድወጣ ተፈቅዶልኛል። የልጅ ልጄ ከአንዲት ፖሊስ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ፖሊሷ እየሰማች የተነጋገርነው የሚከተለው ነው።

«ምን አልካቸው?»

«አላየችኝም አልኩ።»

«አባባ!»

«ጉንፋን ይዞኛልም ብያለሁ። ከፈለግሽ ገብቼ እስልላቸዋለሁ።»

አልሳቀችም። «አይቼሃለሁ እኮ። ጠቅሰኸኛልም። ገብተህ እሱንም ንገራቸው» አለችኝ።

«ልጄ፣ እሱን ከነገርኳቸው እኮ አለቀልሽ።»

«ይህን ዋሽተህ ስለ ስልኩ የምትለውን ማን ያምንሃል? እኔ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱን አታበላሽብኝ።»

ስለዚህ ከላይ፣ እኔን አላየችኝም፣ ድምፄንም አላወቀችም ብዬ ያስመዘገብኩት ሐሰት ስለሆነ ይሰረዝልኝ። ጉንፋንም አልያዘኝም። እውነቱ የሚከተለው ነው። የልጅ ልጄ ገመዱን ይዛ ስትገባ አየችኝና በሩ ላይ ቆመች። እኔ ጠቀስኳት። ከንፈሯ «አባባ» አለ፤ ድምፅ አልወጣም። አማካሪዋ ሰዓታቸውን አይተው «ጀምሪ እንጂ፣ ሁላችንም ደርሰናል» አሏት። በሩን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ ገመዱን ሰክታ ጀመረች። እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ ማን እንደምሆን እያወቀች መልሳለች። መናገር በነበረባት ጊዜ አልተናገረችም። ነገር ግን እንድቀመጥ አላዘጋጀችኝም፤ አልላከችኝም፤ ስትወጣ ሱፌን የማስተካክል ተመልካች ነበርኩ፤ ስትመለስ ፈታኝ ሆኜ አገኘችኝ። ያቆመችውም እሷው ናት፤ ያቆመችው እኔ ልፈርምላት እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ ባሳረፍኩበት ሰዓት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ስልኩም ሳይጠራ ነው።

መርማሪው «አባባ፣ ይህ ቃል እርስዎንም ያስጠይቃል፤ እሷንም ይጎዳል። ገብቶዎታል?» ብለው ጠይቀውኛል። ገብቶኛል። ፈታኝ መስሎ መቀመጥ የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ዶክተር ተብዬ በነፃ ልሂድ አልልም ብያለሁ። መርማሪው ይህን ልጻፈው ወይ ብለውኝ ይጻፍ ብያለሁ። የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትሄድ እንደሆነ ስጠይቅ፣ የሚወሰነው የኃላፊውና የአማካሪዋ ቃል እንደገና ከተሰማ በኋላ መሆኑን፣ የትምህርቷን ነገር ግን ፖሊስ እንደማይወስን ነግረውኛል። እስከዚያው ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ እንድቀመጥ ፈቅደውልኛል።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ፣ እንዲሰረዝ ካልኩት በስተቀር፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጫለሁ። እሷን የሚጎዳው እውነት ነው። እሷን የሚያድነውም እውነት ነው። አንዱን ያመነ ሌላውንም እንዲያምንልኝ እለምናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

እርማቱ ሲደረግ በቦታው የነበረች የፖሊስ አባል ፊርማ ____________