የቦራ መቀናጆ

ሚካኤልን! እትዬ ይርገዱ፣ የማወራዎትን አያምኑኝም። በዓይኔ ያየሁት እኔ ራሴ እንኳን ገና አላመንኩም... ግን እሱ ይቆየን። አስቀድሞ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት አደረ? ዝናቡስ በእርስዎ በኩል ደህና ጣለ? አልሐምዱሊላሂ፣ ዘንድሮስ ሰማዩ አልሰሰተም። ይቺ ሚኒባስ እንደሆነች አምስት ሰው ካልጨመረች ከመካነ ሰላም ንቅንቅ አትልም፤ ረዳቱም ሻይ ቤት ገብቷል። እስኪ ጠጋ ይበሉልኝ። ዘንቢልዎን ወዲህ ይበሉ፣ እኔ ልያዘው።

ኧረ፣ ከኋላ ወንበር ሰው አለ ለካ! እንደምን ዋሉ ወንድሜ? ኮፍያዎን እስከ ቅንድብዎ አውርደውት አላየሁዎትም። ይተኙ፣ ይተኙ፤ እኛ የራሳችንን ወሬ ነው።

እንግዳ ሰው ናቸው መሰለኝ፣ እትዬ። እጃቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ አለ፤ መቼም የሚኒባስ ቁልፍ አይመስልም...

እና ምን ልልዎት ነበር? አዎ፣ በእኛ ቀዬ አንድ ጌታ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ስም ጠርቶ ማውራት ሐሜት ነው፣ እኔ ደግሞ ሐሜት ነፍሴ አትወድም። ዕድሜያቸው ከእኔ የበኩር ልጅ ብዙም አይበልጥ፤ ግን ባለ መኪናን አንተ ማለት ነውር ስለሆነ አንቱ እላቸዋለሁ። አገር የሚኮራባቸው ሰው ናቸው! እህል ነጋዴ ናቸው፤ አምና ምስራቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ወረዱ። ምን ሊገዙ? አይሱዙ፣ እህል የሚጭኑበት። በሦስተኛው ሳምንት ምን ይዘው ከች አሉ? ሁለት በር፣ ሁለት መቀመጫ፣ ሆዷ መሬት የሚልስ፣ እንደ በርበሬ የቀላች መኪና! አንድ ቁና ጤፍ የሚያስቀምጡባት ቦታ የላትም። ብልህ ሰው እኮ ናቸው። አይሱዙማ ማንም ይገዛል። እህል መጫንስ አህያ ይጭን የለ እንዴ?

የፍጥነት መቁጠሪያዋ ሦስት መቶ ድረስ ተጽፎበታል አሉ፤ እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ። መርፌዋ ግን ከሃያ ተሻግራ አታውቅም። ጨዋ ናት። ያገሬ ሰው «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ይላል፤ እሱ ለበሬ ነው። እሳቸው ቀለሟን አዩ... ገደሉን ለምን ያዩታል? ገደል እኮ የሚደረሰው መኪናዋ ስትሄድ ነው።

አመሏስ ቢባል! የንግሥት ነው። ቤንዚን ሁሉ ቤንዚን ይመስልዎታል? በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ብትቀምስ ሦስት ቀን ስታስል ታድራለች። ዘይቷ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ አንድ ጊዜ በተቀየረ ቁጥር አንድ ሙክት ይሄዳል። የፊት መብራቷን ጠጠር ቢነካው ሁለት ፍየል ሄዱ፣ አንደኛዋ ያረገዘች። መካኒኩ ከደሴ ነው የሚመጣላት። መጥቶም እጁን አያሳርፍባትም፤ ኮምፒዩተር ይሰካባትና ቁጭ ብሎ ያያል። «ምን አለ?» ሲሉት «ደክሟታል ይላል» አለ። ደክሟታል ላለበት አንዲት ጊደር እየነዳ ሄደ። እኔ በወባ ስንት ወር ስተኛ፣ እትዬ፣ ደክሞታል ያለኝ ሰው አለ?

ግን ቸር ናቸው፤ ለእሷ ስስት አያውቁም። እናታቸው ሲታመሙ «ጠበል ይበቃዎታል» ያሉ ሰው፣ የእሷን ሳል ሲሰሙ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ደሴ ደወሉ። ፍቅርስ እንዲህ ነው እንጂ!

ለጥምቀት ለጥምቀት ብቻ ቢያወጧት ሰው ይረዳቸው ነበር። የለም፣ በየቀኑ! ከቀዬአቸው እስከ ሱቃቸው በእግር አንድ ሰዓት የማትሞላ መንገድ ናት። በእግር የሚሄደው ግን መኪና የሌለው ነዋ። እሳቸው ይነዳሉ፣ ድንጋይ ያያሉ፣ ይወርዳሉ፣ ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ይገባሉ፣ አሥር ክንድ ያህል ይነዳሉ፣ ይወርዳሉ... መንገዳችንን እንደሳቸው የለቀመ ሰው ከየት ይገኛል? ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሌላው ነጋዴ ሊዘጋ ያጣጥፋል። በቀደም ቀብር ስንሄድ ቁልቁለቱ ላይ አገኘናቸው፤ አለፍናቸው። ቀብረን፣ ንፍሯችንን ቆርጥመን ስንመለስ እዚያው ቁልቁለት ላይ ናቸው። «እግዜር ያጥናችሁ፤ ማን ነው የሞተው?» አሉን።

«እርስዎ ከቤት ሲነሱ ደህና ነበር» አልናቸው።

ይስቃሉ? አይሳቁ እትዬ፣ ከኋላ የተኙትን ሰው እንረብሻለን።

አሁን ወደ አያ በላይ ልምጣ። አያ በላይን ያውቁታል፤ የእሳቸው ጎረቤት፣ ያ ዝምተኛው፣ ባለ አምስት ልጁ። አንድ በሬ ነው ያለው፣ ቦራ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ጌታውም ከአባታቸው የቀረ አንድ በሬ ነበራቸው፣ ጉራች የሚሉት፣ እንደ ከሰል የጠቆረ። አባትየው በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ቦራና ጉራች በአንድ ቀንበር የሚጠመዱ መቀናጆ ናቸው። አንድ ቀን ለአያ በላይ፣ አንድ ቀን ለእነሱ፤ እንዲህ ሲሉ ስንት ክረምት አረሱ። አንድ በሬ ያለው ሰው ግማሽ ገበሬ አይደል? ሁለት ግማሽ ሲገናኝ ነው ጎታ የሚሞላው። መቀናጆህን ሳታማክር በእርሻ ወራት በሬህን ብትሸጥ በእኛ አገር ምን ትባላለህ?... እርስዎ ያውቁታል። እኔ አፌን አላበላሽም።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት አያ በላይ ቀንበሩን ተሸክሞ፣ ቦራን ከፊቱ አድርጎ ማለዳ ወደ ጌታው ደጅ ወረደ። መሬቱ ገና አንዴ ብቻ የታረሰ ነው፤ ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ካልተገለበጠለት አፈሩን አይቀበልም። እየሄደ ቀኑን በሆዱ ያሰላል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቦራ እንደ ልማዱ ጮኸ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ እሱ ከውጭ ይጮሃል፣ ጉራች ከበረት ይመልስለታል። ያን ዕለት ጮኸ... ዝም። ደግሞ ጮኸ... ዝም። አያ በላይ በረቱን ገባ ብሎ ቢያይ፣ ጉራች በሚታሰርበት ቦታ፣ ጉራች በሚታሰርበት ገመድ፣ አራት አዳዲስ ጎማ ታስሯል።

ሌላው ሞኝ «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል። የጌታው በሬ ግን በሰማይ አይደለም፤ እዚሁ ነው፣ ክብ ሆኖ፣ አየር ተሞልቶ።

አያ በላይ ጎማውን ዳሰሰው። የጉራችን ትከሻ እንደሚዳስሰው፣ በመዳፉ፣ ቀስ አድርጎ። ጌታው ከቤት ወጡና አዩት። ማፈር አያውቁም የሚል ሰው አለ፤ ውሸት ነው። አፍረው መሬት መሬት ነበር የሚያዩት... ጎማው ያለው መሬት ላይ ነዋ።

«አያ በላይ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። «የድሮዎቹ አልቀው ተላጩ። ተራ ጎማ ደግሞ አይሆናትም።»

አያ በላይ ሰው የሚያስቀይም ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እጁን ከጎማው አነሳ።

«ታርሳለች?» አለ።

«ምን ማለትዎ ነው! የስድስት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት እኮ!»

«ፈረሱስ ይቅርብኝ፣ ልጄ... ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ በሬ አይጠፋም ብዬ ነው።»

ቀንበሩን መልሶ ተሸከመና ወጣ። ቦራ ግን እንቢ አለው፤ እየዞረ ወደ በረቱ ይጮሃል። ዳገቱን እስኪጨርሱ እየዞረ ይጮሃል። ዛሬ ሰኔ ስንት ነው፣ እትዬ? እያለቀ ነው አይደል? ያ መሬት እንደዚያው ተቀምጧል፤ አረሙ ጉልበት ደርሷል። እኔስ ምን አገባኝ። አምስት ልጅ መቼም የመኪና ጡሩንባ እየሰማ ያድራል፣ ደስ የሚል ድምፅ አላት።

የማያምኑኝ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ያ ዶፍ ጣለ አይደል? ጌታው ከሱቅ ሲመለሱ ጅረቱን በአንድ ትንፋሽ ልሻገር አሉ። እሷም የዚያን ዕለት ምን እንደነካት ፈጠነች። በሩ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባች። ቢያስጮኋት ታጓራለች፣ ባጓራች ቁጥር ትሰምጣለች። ስድስት መቶው ፈረስ አብሮ ተቀበረ። እኔ ከላይ ከጽድ ዛፉ ሥር ተጠልያለሁ፤ ባገዝኩ ነበር፣ ግን ወገቤን ያመኛል፣ ደግሞም ማየት ነበረብኝ።

አያ በላይ ቦራን ከሣር እየመለሰ በዚያ መጣ። አይቶ ማለፍ ይችል ነበር። እኔ ብሆን አልፍ ነበር፤ እየዘፈንኩ። እሱ ግን ቤቱ ተመልሶ ቀንበርና ጠፍር ይዞ መጣ። ቦራን በስተቀኝ በለመደው ቦታ አቆመው። ከዚያ... ቀንበር ስንት ወገን አለው፣ እትዬ? ሁለት። በአንድ አንገት ይቆማል? አይቆምም፣ ይንጋደዳል። አያ በላይ በስተግራ ያለውን ባዶውን ወገን አየው፤ ቆይቶ ጌታውን አየ፤ ደግሞ ባዶውን አየ።

ጌታው ኮታቸውን አወለቁ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ያን ሹል ጫማ። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ሰው የለም፣ ጽዱ ብቻ ነው ያለው። አንገታቸውን አስገቡ! ጉራች በቆመበት ቆሙ። ቦራ ዞር ብሎ አሸተታቸው። መጀመሪያ ደስ ያለው መሰለኝ፤ በኋላ ግን አንድ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ለእንስሳም መቀናጆ መለወጥ ከባድ ነው። አያ በላይ ጅራፉን አነሳ፤ ለቦራ እንጂ ለሌላ አይደለም... ጅራፍ ግን ማንን ከማን ይለያል? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? ቀስ በቀስ መኪናም በአንገት ትሄዳለች። ጎበዝ አራሽ ይወጣቸው ነበር እኮ! ፈሩን አልሳቱም። አባታቸው በሕይወት ኖረው ይህን ቢያዩ፣ «ልጄ በመጨረሻ እርሻ ገባልኝ» ብለው በደስታ ባለቀሱ።

ምነው፣ ከኋላ ያሉት ሳሉ እንዴ? አንገታቸውን እያሹ ነው። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው። የክረምት ብርድ አንገት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በተለይ በስተኋላ በኩል፣ ልክ ቀንበር የሚያርፍበት ጋ...

ደግሞ አንድ ነገር ሰማሁ። ጌታው ነገ እርስዎ ዘንድ ይመጣሉ አሉ፤ ያን ዳለቻ በሬዎን ሊወስዱ፣ «በጉራች ፈንታ ለአያ በላይ ላስገባለት» ብለው። አየ ቅንነት! ይስጧቸው እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው እጅ የገባ በሬ የት ይጠፋል? ጉራች የት ጠፋ? አራት ሆኖ ተባዝቶ የለ? የመኪናዋ ፍሬን ሰሞኑን ይጮሃል ይላሉ፤ ታዲያ የፍሬን ጩኸትን ከዳለቻ ጋር ምን አገናኘው? በእርግጥ ከእርስዎ ደጅ እስከ አያ በላይ ደጅ መንገዱ አቋራጭ ነው፤ በሬ ያለ መሪ ይደርሳል፣ በመሃል የማንንም በረት አይነካም። ይህን ያልኩት ስለ መንገዱ ነው። እኔ ለሰው ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

ራስዎን ነቀነቁ? ምን አሉ?... ነገ በማለዳ? እርስዎ ራስዎ፣ በእጅዎ ነድተው ለአያ በላይ? እኔ እኮ ምንም አላልኩም! ከኋላ ያሉት መንገደኛ ምስክሬ ይሁኑ። ምን አልኩ፣ ወንድሜ? ምንም።

ረዳቱ መጣ፣ ቶሎ ልጨርስልዎት። መኪናዋ ወጣች። ጌታው እስከ አንገታቸው ጭቃ ናቸው፤ የእሳቸውን ተዉትና በሸሚዛቸው መጀመሪያ እሷን ጠረጉ። ከዚያ እንደ ሰው ወግ ጎንበስ አሉ፤ በወሎ ምድር ተረዳድቶ ያለ ዱዓ መለያየት የለ። «አያ በላይ፣ መርቁኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤ እርግማን የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጨፍን። አያ በላይ ቆቡን አወለቀ። ያ ሰው ቂም አያውቅም፣ እትዬ፤ የእኔን ዓይነት ምላስም አልፈጠረበትም፤ ያለው ሁሉ ከአንጀቱ ነው። ብቻውን የቆመውን ቦራን አየ። የቀንበሩን ባዶ ወገን አየ። ያቺን ቀይ መኪና በዝናብ ብቻዋን ቆማ አየና እንባ አቀረረ፤ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሳያስበው አመለጠው፦

«ልጄ፣ ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ዘንድሮ እኔ አየሁት። እግዚአብሔር ለዚችም መቀናጆዋን ይስጥህ!»