የአጎቴ ሁሴን ሰላምታ

ይሄን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው። ወልዲያ ሱቄ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ሳለ አጎቴ ሁሴን ግራና ከምትባለው መንደራቸው ደወሉ። እሳቸው ሰላምታ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! «ሰላም ነህ? ሚስትህስ? ልጆቹ አማን ናቸው? አከራይህ ሴትዮ፣ እግራቸው ተሻላቸው?» አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የላማቸውን ጤና ጨርሰው ወደ ማሽላው ሲሻገሩ ትዕግሥቴ አለቀ። «አጎቴ፣ ቸኩያለሁ፤ ዋናውን ጉዳይ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማኛል። «ዋናውማ ይሄው ነበር ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ደህንነታችሁን ልስማ ብዬ ነው ኔትወርክ ፍለጋ ጋራው ላይ የወጣሁት። አብሽር፣ ሥራህን ሥራ።» ወዲያው መልሼ ብደውል አልሠራም፤ ለካ መውረድ ጀምረዋል።

በሳምንቱ ራሳቸው ደወሉ። ገዢውን ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ዛሬስ ስለ ማሽላው እስኪበቃቸው ያውሩኝ ብዬ። «ሁሴን ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን» አሉና ዘጉት። ስልኬን አየሁት፤ ዘጠኝ ሰከንድ ይላል። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ያን ሁሉ ጋራ የወጡት ለዘጠኝ ሰከንድ ነው። ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።