የማስፈለጊያ ክፍያ

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለው ወጣት ያወራሉ።

«ቀበሌ ሄጄ የመሬቴን ፋይል ኮፒ ብጠይቅ፣ ፋይሉን ለሚፈልገው መጀመሪያ የማስፈለጊያ ክፈይ አሉኝ፤ ከፈልኩ።»

«ተገኘ ታዲያ፣ እናቴ?»

«ኧረ የት ተገኝቶ!»

«ብሩን መለሱልዎት?»

«ተገኘም ጠፋም አይመለስም።»

«ይኼማ ዘረፋ ነው! ዝም ብለው ወጡ?»

«በየት አፌ ልናገር? በጦርነቱ ሸሽተን የተጠለልነው እዚያው ቢሮ ነበር። ልጄን ምጥ ያዛት። ውጭው ተኩስ፣ ማገዶ የለ። ከመደርደሪያው ወረቀቱን እያወረድኩ አነደድኩና ውኃ አፈላሁላት።»

«የራስዎን ፋይል?»

«የቀበሌውን ሁሉ እንጂ! ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው ያነደድኩት።»

«እያወቁ ታዲያ ለምን ከፈሉ?»

«ምናልባት የኔ ተርፎ እንደሁ ብዬ ነዋ። ፈላጊው ልጅ አቧራ ለብሶ ወጣና ‹አውፍ በሉኝ እናቴ፣ አጣሁት› ሲለኝ መግቢያ ጠፋኝ። እሱ እኔን ይቅርታ ይጠይቀኛል!»

«አልነገሩትም?»

«የሰው ሁሉ ፋይል ነው ልጄ። ማንን ቀና ብዬ ላይ?»



«ሕፃኑስ?»

«አልሐምዱሊላህ! ይኸው ዶሮ ያባርራል።»

እኔም ለፋይሌ ከፍዬ፣ ነገ ተመለስ ብለው የሰጡኝን የዚያኑ ቢሮ የማስፈለጊያ ደረሰኝ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ ሐይቅ እስክንገባ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።