ከቋጥኙ በላይ የተቀዳው ውሃ

ለምርመራ የሚሆነውን የወንዝ ውሃ ከቋጥኙ በታች መቅዳት ሲገባኝ ከበላዩ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሰበታ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እውነቱን ብናገር ሥራዬን የማጣ መሰለኝ። ዘንድሮ ወንዙ ዳር ከብት የሚያረቡት አዛውንት፣ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄጄ ጨዋታቸውን እንደወረደ ጻፍኩት።

«በእኛ ጊዜማ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንዙ ሥርዓት ነበረው። ከወጨጫ ተራራ፣ ጉሬዛ ከሚዘልበት ጫካ ሥር ይመነጭና ቁልቁል ወርዶ እዚህ ቋጥኙ ጋ ይደርሳል፤ ከቋጥኙ በላይ ሰው ይቀዳል፣ ከቋጥኙ በታች ከብት ይጠጣል፣ ዝቅ ብሎ ልብስ ይታጠባል፣ እና እንዲህ እያለ አዋሽ ይገባል። ታዲያ ከታችም ቢሆን ሸርጣን ነበረ፣ ዓሣ ነበረ፣ ይብራ ጫጩቶቿን አስከትላ ትዋኝ ነበር። ፋብሪካው የቆሻሻ ቱቦውን ከቋጥኙ በታች ሲደቅንበት መጀመሪያ የጠፋው ምን መሰለሽ? እንቁራሪት። ክረምቱ ዝም አለ። ቀጥሎ ሁለት ላሞቼ ሞቱ።

ታዲያ ቀበሌው ሰበሰበንና አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ጠርሙስ ከፍ አድርጋ፣ ‹ይህ ከቱቦው በታች የተቀዳ ነው፣ ንጹህ ነው› አለች፣ እንዲህ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ። አንገትሽን አትድፊ፣ አንቺን ነው። እኔም ዱላዬን ተደግፌ ቀረብኩና ጠርሙሱን አየሁት፣ አየሁት፤ ከሥሩ እግር ያላወጣች የእንቁራሪት ልጅ ጭራዋን ታወዛውዛለች። ‹ይህቺማ የላይ ሰፈር ልጅ ናት› አልኩ፣ ‹ታች እንቁራሪት ከወለደ ስንት ዘመኑ።› ሊቀመንበሩ፣ ‹አባባ፣ መታወቂያዋን አይተዋል?› አለኝ፤ አዳራሹ ሳቀብኝ። እና ንጹህ ነው ብለው ይፈርሙ አሉኝ። አልፈርምም አልኩ። ዛሬም አልፈርምም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከታች በጆግ ቀድቼ እሄዳለሁ፣ ሊቀመንበሩ ፊት አስቀምጥና ‹ጠጣ› እለዋለሁ። አፍንጫውን ይይዛል እንጂ አንድ ቀን አልጠጣም። እስኪጠጣ፣ ወይ ቱቦው እስኪነሳ፣ አልተውም፤ እግሬ እምቢ ካለ በጋሪ እሄዳለሁ።

እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ የእንቁራሪቷ ልጅ የየት ናት?»

«ከቋጥኙ በላይ ናት፣ ኦቦ» አልኩ።

ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «መታወቂያዋ ይኸው ተገኘ» አሉ። «ማክሰኞ ስብሰባ አለ። እዚያ ድገሚው።»

እደግመዋለሁ፤ ጆጉንም የምይዘው እኔ ነኝ። በምርመራው ውጤት ላይ ያኖርኩትን ፊርማ አምናችሁ ከብት ከታች ያጠጣችሁ፣ ይህንንም የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።