በውሃ የሚጠብቅ ቋጠሮ

ስልኩ ሲጮህ እማማ ኪትፋን እጃቸው እስከ አንጓው የተነከረ ማሾ ውስጥ ነበር። በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና አነሱት።

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ሱትዪ? አንቺ ነሽ? ቁጥሩ እኮ ያንቺ አይደለም።… የጓደኛሽ? እሺ። ቆይ የኔ እናት፣ በሩን ልዝጋ።

ዘጉ። በመስኮቱም ወደ ታች አዩ። የልጃቸው የካምቹን ሞተር ሳይክል ቦታው ላይ የለም።

— አለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ አጎትሽ ቅጠል ሊገዛ ገበያ ሄዷል።… እኔማ ደህና ነኝ፣ ይኸው ጉልበቴ ነው እንጂ። አንቺስ? ትበያለሽ?… ምን በላሽ?… እሱ ምግብ አይደለም። ድምፅሽ ምነው ሻከረ?… ጉንፋን። እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

ሱትዪ የሴት ልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ ሆንግ ኮንግ አግብታ እዚያው ወለደቻት። ሱትዪ ግን ለጨረቃው አዲስ ዓመት አያቷ ጋ ሳትመጣ የቀረችበት ጊዜ የለም። አያትና የልጅ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሩዙንና ማሾውን ከአሳማ ሥቡ ጋር በቅጠል እየጠቀለሉ በሳር ገመድ ያስራሉ። ከወራት በፊት የሆንግ ኮንግ ወጣቶች ለተቃውሞ አደባባይ ከወጡ ወዲህ ግን ከድንበሩ ወዲህ፣ እሳቸው በሚኖሩባት በዣውቺንግ ከተማ፣ በየቤቱ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ሌላ ወሬ የለውም። እማማ ኪትፋንም እንቅልፍ የላቸውም።

— ምን?… ቅዳሜ? አይ፣ ስሚኝ… አውቃለሁ፣ አብረን ነው የምንሠራው። የዘንድሮውን ተዪው።… አልተቆጣሁም። ለምን እቆጣለሁ? ሱትዪ፣ አጎትሽ ሳይመለስ የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ የሚወራ አልነበረም። ግን ሌላ በምን ልንገርሽ?

— ትናንት አጎትሽ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ላከ።… አዎ፣ እንደ ልማዱ። ያለፈው ጊዜ፣ ሰልፉ ላይ ውሃ የሚያድሉት አሮጊቶች ዊግ ያጠለቁ ጎረምሶች ናቸው የሚል ነበር። ከሱ በፊት ደግሞ ሰልፈኞቹ የሚይዙት ጃንጥላ አንቴና ነው፣ ትእዛዝ የሚቀበሉት በእሱ ነው።… ሳቂ፣ እኔም ስቄ ነበር። የገጠሯ አክስትሽ ግን የራሷን ጃንጥላ ጥላ በዝናብ ገበያ ሄዳ ይኸው ተኝታለች።… አዎ፣ ደረቷን።

— የትናንቱ ግን ሌላ ነው። ቀርከሃ እያሰራችሁ… እያሰሩ፣ መንገድ ሲዘጉ ያሳያል። አንድ ባለመነጽር ተንታኝ ሥዕሉን አቆመና በቀይ ከበበው። ፊት እንዳይመስልሽ የከበበው። ፊቱማ በጭንብል ተሸፍኗል። ቋጠሮውን ነው።… ቋጠሮውን አልኩሽ፣ ቀርከሃው የታሰረበትን። «ይህ የውጭ አገር ባሕር ኃይል ቋጠሮ ነው፣ ለመማር ስምንት ወር ይፈጃል» አለ። ያሰረውም አርባ ዓመት የሚጠጋው ወንድ ነው፣ ወታደር የነበረ።… ወንድ፣ አዎ። ጺም ብቻ ነው ያልጨመረልሽ።… ስምንት ወር። አንቺ እኮ ማሾውን እየቃምሽ፣ ግማሹን መሬት እየደፋሽ፣ በአንድ ከሰዓት ነው የተማርሽው።

እማማ ኪትፋን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

— አትካጂኝ። ጭንብሉን አላወቅኩትም፣ ልብሱንም አላወቅኩትም። ጣትሽን ነው ያወቅኩት። ገመዱን አዙሮ አዙሮ፣ ጫፉን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ገፍቶ ከሥር የሚደብቅ ሰው እናቴ ነበረች፣ ከሷ ቀጥሎ እኔ፣ ከኔ ቀጥሎ አንቺ። እናትሽ እንኳ አልሆነላትም፣ ድስቱ ውስጥ ይፈታባት ነበር።… ምን የባሕር ኃይል? እናቴ እዚህ ወንዝ ዳር የቀርከሃ ታንኳ አሳሪ ነበረች። የታንኳ ቋጠሮ ደረቅ ሆኖ ጠብቆ ምን ይሠራል? ውሃ ሲነካው ነው መጥበቅ ያለበት። በኋላ ሩዙም ሌሊቱን ሙሉ ይቀቀላል፣ እንዳይፈታባት ብላ በዚያው አሰረችው። ሌላ ምስጢር የለውም።

— ማን ያውቀዋል ትያለሽ? ይሄ ሕንጻ ነዋ የሚያውቀው። በየዓመቱ ጥቅሉን ለየጎረቤቱ አድላለሁ፣ በየበረንዳው ተንጠልጥሎ ይከርማል። ከቀይ ክቡ ጋር ቀና ብሎ የሚያስተያይ አንድ ሰው ይበቃል።… ገባሽ? መጥተሽ አጎትሽ ፊት ቁጭ ብለሽ ልታስሪ አትችዪም። ድንበሩ ላይም ስልክ እየተቀበሉ ያያሉ አሉ።… እንጃ፣ አሉ ነው። ደግሞ እዚያም ቢሆን እንደሱ አድርገሽ እንዳታስሪ። የጫማ ክር አስተሳሰር እሰሪ፣ ይፈታ።

— ምን አልሽ?… ፈሪ አላልሽኝም፣ ግን አስበሻል።… እሺ። እናትሽ ጋ ፎቶ አለ፣ ቀጭን ልጅ፣ ጸጉሩ ወደ አንድ ጎን የተበጠረ። ፑይላም ይባላል፣ ወንድሜ ነው።… በሽታ አይደለም የገደለው። በሽታ ያልናችሁ ልጆች ስለነበራችሁ ነው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማንም የሚሰማቸው የለም፣ ግን ስለ ፑይላም ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ ዝቅ ይላል።

— ያኔ፣ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ቴሌቪዥን የት አለ? ሰፈራችን ጥግ ምሰሶ ላይ ድምፅ ማጉያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጠላት የተባለውን ሰው ስም ይጠራል። አንድ ቀን እናቴ ልብስ አጥባ ጣሪያ ላይ አሰጣች። በማግስቱ ድምፅ ማጉያው፣ ፑይላም በልብሶች ቀለም ለውጭ መርከቦች ምልክት ይሰጣል አለ።… የምን መርከብ? ባሕሩ ከኛ የት ይገናኛል? እንደዚያ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። ጎረቤቶቻችን ቀና እያሉ ልብሳችንን ያነቡ ጀመር። ሰማያዊ ሱሪ አጠገብ ነጭ ሸሚዝ፣ ምን ማለት ይሆን? የኔ ቀሚስ ምን ማለት ይሆን?… እናቴ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ነው ያሰጣችው። ክረምቱን ሻጋታ ለብሰን አሳለፍነው።

— እሱን ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል፣ ለሥራ ነው ብለው ወሰዱት።… አልተመለሰም። በዚያው ክረምት ወንዙ ሞላና ከላይ ሰው ያመጣ ጀመር።… ሰው ነው ያልኩሽ። የታሰረ ሰው። የታንኳ ሰዎቹ በረጅም ዘንግ ወደ መሃል እየገፉ ያሳልፏቸዋል፣ እኛ ጋ እንዳይቆሙ። እኔ ልብስ አጥባለሁ ብዬ ደረጃው ላይ እቀመጥና ገመዱን አያለሁ። ፊትማ የለም፣ ውሃው ወስዶታል። እጃቸው ላይ ያለውን ገመድ።… ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የኛን ቋጠሮ እንዳላይ እየፈራሁ። የኛ ሰፈር ሰው ያሰራቸው እንዳይሆን።… አይቼ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

— አታልቅሺ። ስሚኝ። ማስፈራራቴ አይደለም። ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ምሰሶ ላይ ነበር፣ አሁን ኪስ ውስጥ ገብቷል፣ ይኸው ነው የምልሽ።… ቆይ። ሞተሩ ነው። መጣ። ሱትዪ፣ እሱ ከገባ በኋላ የምለውን…

በሩ ተከፈተ። ካምቹን የቅጠሉን እስር በብብቱ ይዞ ገባ።

— ግባ፣ እግርህን ጥረግ።… ሱትዪ ናት።… አዎ፣ ደህና ናት። ቅጠሉን ባልዲው ውስጥ ንከረው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ያህል አደረቁት።… አጎትሽ ሰላም በያት ይላል።… እሷም ሰላም ብላሃለች።… ትማራለች፣ ምን ታደርጋለች? እሷ ከእንደዚያ ዓይነቶቹ ጋር አትውልም።

ካምቹን ክፉ ሰው አይደለም። ሱትዪ ትንሽ ሳለች የአንበሳ ጭፈራ እንድታይ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከተማውን አዙሯታል። ዛሬም ለሷ ሲል ሥቡ ወፈር ያለውን ሥጋ መርጦ ገዝቷል። ቅጠሉን ነክሮ ሲጨርስ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ፤ የተንታኙም ድምፅ ማድቤቱን ሞላው።

— ቀንስልኝ ካምቹን፣ እያወራሁ ነው እኮ።… ምንም አይደለም ልጄ፣ ያ ባለመነጽሩ ነው።… ምን አልክ?… የት ታየዋለህ አንተ? ቋጠሮ ሁሉ ያው ቋጠሮ ነው።… አለሁ ሱትዪ፣ አለሁ። እዚህ ብርድ ገብቷል። እዚያስ?

ካምቹን ሥዕሉን በሁለት ጣቱ ለጥጦ አተለቀው። የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ አለ እንደገና፣ ለራሱ። እማማ ኪትፋን ጠዋት በነበረው ቅጠል ታስረው ያለቁት ጥቅሎች ያሉበትን ትሪ በክርናቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና የሽርጣቸውን ጫፍ ጣሉበት። ባይስቡት ይሻል ነበር። ካምቹን ቀና ብሎ ትሪውን አየ። ቀጥሎ እናቱን አየ። ተነሥቶ በረንዳ ወጣና የመስታወቱን በር ከኋላው ዘጋው።

— … በረንዳ ወጣ።… ስልክ እያወራ ነው።… ከማን ጋር እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ከሞተር ጠጋኙ ይሆናል፣ ትናንት ሞተሩ እምቢ ብሎት ነበር። ወይ ከሚስቱ።… አይሰማኝም፣ መስታወቱ ዘግቶታል። ጀርባውን ብቻ ነው የማየው።… አዎ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ… ሱትዪ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም።

— መጣ።… ምን?… ትምጣ ይላል። ጣቢያ ድረስ ሄጄ እቀበላታለሁ፣ የምትገባበትን ሰዓት ብቻ ትንገረኝ ይላል።

የተናገረው በለሰለሰ ድምፅ ነው። ፊቱ ላይ ያለው የአጎት ፊት ነው፣ ሌላ ነገር አይነበብበትም። እሳቸውን ያስፈራቸውም ይኸው ነው። ፑይላምን ሊወስዱ የመጡት ሰዎችም ግቢው ውስጥ ቆመው እራት በልቷል ወይ ብለው ጠይቀዋል፣ ጫማውን አጥልቆ እስኪጨርስ ታግሠውታል። ካምቹን ምናልባት ቋጠሮውን አውቆ፣ ልጅቷን ከጣቢያ ጀምሮ ደብቆ ሊያመጣት ይሆናል። ምናልባትም ምንም አላወቀም። ጠይቀው እንዳያጣሩ፣ ጥያቄው ራሱ መልስ ነው።

— ስሚ። አትመጪም።… አጎትሽ ቢልም አትመጪም። ቤቱ የኔ ነው።… ምክንያት ትፈልጊያለሽ? የካምቹን ልጆች ይመጣሉ፣ ቦታ የለም። እነሱ የወንድ ልጄ ልጆች ናቸው። አንቺ የውጭ የልጅ ልጅ ነሽ።… ሰምተሻል። የሴት ልጅ ልጅ የውጭ ነው የሚባለው፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። እናትሽ ከዚህ ቤት ወጥታ ሄዳለች፣ አንቺም ከወጣው ጋር ነሽ። በየዓመቱ የምትመጪው በቀይ ፖስታ ለሚሰጥሽ ገንዘብ ነው እንጂ ለኔ ብለሽ አይደለም።

ያን ቃል ለሱትዪ ብለዋት አያውቁም። ሌሎች ሲሏት እንኳ የሚጣሉላት እሳቸው ነበሩ። ካምቹን «እማ፣ ምን ሆነሻል?» አለ። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

— … እንዲያ ነው። ምን ትያለሽ?… ሱትዪ?… ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?

መስመሩ ተዘግቷል። ጆሯቸው ውስጥ የተቋረጠ ስልክ ጩኸት ብቻ ቀርቷል። ቃሉን ያመጡት ለካምቹን ጆሮ መሆኑን ተረድታ ይሁን ወይስ በእውነት ቤት የለኝም ብላ የዘጋችው፣ አላወቁም። መልሰው እንዳይደውሉ ቁጥሩ የእሷ አይደለም፤ ካምቹንም ዓይኑን ከሳቸው ላይ አላነሣም። የምትገባበትን ሰዓት እየጠበቀ ነው። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ።

— አዎ… አየሽ፣ ፈተና ካለብሽ መጀመሪያውኑ እንደሱ አትይም? ተፈተኚ።… አይ፣ እኔ አልከፋኝም።… እሺ፣ እነግረዋለሁ፣ ዘንድሮ አትመጣም እለዋለሁ።… ወፍራሙን ሹራብ ደርቢ፣ ጉንፋኑ እንዳይብስብሽ።… እሺ።… እሺ የኔ እናት።… አይ፣ እኔ አልዘጋም። አንቺ ዝጊው።